«ደላላውን አሰናብቼዋለሁ፤ ብርሽን ከእሱ ተቀበዪ!»

ሰሞኑን የፍቅርና የትዳር ደብዳቤ በዝቶብን ከርሟል። ዛሬ ግን ከልብ ስብራት ወደ ኪስ ስብራት እንሻገር። ደብዳቤው የመጣው ከቂሊንጦ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ስትሆን ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች «እህታችን» እያልን እንቀጥላለን። ረዘም ያለ ስለነበር ዋና ዋናውን ብቻ አቅርበነዋል።

«የምኖረው ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም፣ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የምሠራው እዚያው አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ታናሽ እህቴም አብራኝ ትኖራለች፤ 12ኛ ክፍል ናት። ቤቱን ያገኘሁት በደላላ ነው። ሰውዬው ግን አገናኝቶኝ ዞር አላለም። ቁልፉን የሰጠኝ እሱ፣ ውሉን የፈረመው እሱ፣ ኪራዩንም በየወሩ በባንክ የማስገባው በእሱ ሂሳብ ነበር። ስንዋዋል የሁለት ወር 15,000 ብር ከፈልኩ። 7,500ው የመጀመሪያው ወር ኪራይ ሲሆን፣ የቀረው 7,500 ደግሞ ማስያዣ ሆኖ ቤቱን ሳስረክብ ሊመለስልኝ ነው። ይሄ ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ወረዳ ሄደንም አስመዝግበናል።

«ከአራት ወር በፊት የቤቱ ባለቤት ድንገት መጡ። አያት አካባቢ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ‹ልጄ፣ ስንት ነው የምትከፍዪው?› አሉኝ። 7,500 ስላቸው ክው ብለው ቀሩ። ለካ ሰውዬው በየወሩ የሚሰጣቸው 6,000 ብር ነው! በዚያው ሳምንት አሰናበቱት፤ ከዚያ ወዲህ ኪራዩን የማስገባው በእሳቸው ሂሳብ ነው። አሁን ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ከግማሽ ቀርቶታል። ለእህቴ ትምህርት ቤት የሚቀርብ ቤት አግኝቻለሁ። ቅድሚያ ክፍያውን የማሟላው በዚያች ማስያዣ ነበር። እትዬን ስጠይቃቸው ‹ከእጅሽ አንድ ብር አልተቀበልኩም። ደላላውን አሰናብቼዋለሁ፤ ብርሽን ከእሱ ተቀበዪ› አሉኝ። ሰውዬው ጋ ስደውል ‹እኔ ከባለቤቷ ጋር ሂሳብ ዘግቻለሁ› ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። የሥራ ጓደኞቼ ደግሞ ‹የመጨረሻውን ወር አትክፈይ፣ በማስያዣሽ ኖረሽ ውጪ› ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

አይ እህታችን! ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ያሉት ወደው አይደለም። አንዷ «አልተቀበልኩም» ትላለች፣ አንዱ «አስረክቤአለሁ» ይላል፤ አንቺ መሃል ሜዳ ላይ እንደ ኳስ ትንከባለያለሽ። ግን አትደናገጪ። የያዝሽው ጉዳይ ደካማ አይደለም። ብርሽን የምትጠይቂው ባለቤቷን ነው። ለምን እንደሆነ እንይ።

ደላላ ነው ወይስ ወኪል?

ደላላ ማለት አገናኝ ነው። ቤት ፈላጊውን ከባለቤቱ ያገናኛል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ በቃ፣ ይሄዳል። ወኪል ግን ሌላ ነው። ወኪል በባለቤቱ ቦታ ቆሞ፣ በባለቤቱ ስም ይፈርማል፣ ይቀበላል፣ ይሰጣል። በከተማችን አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ይይዛል፤ እኛም በደፈናው «ደላላው» እንለዋለን። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሕግ ፊት ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2189 ላይ የሚለው በአጭሩ ይሄ ነው፤ ወኪል በተሰጠው ሥልጣን ልክ፣ በወከለው ሰው ስም ያደረገው ውል፣ ያ ሰው ራሱ እንዳደረገው ይቆጠራል። ስለዚህ ሰውዬው በእትዬ ስም ፈርሞ ማስያዣ ከተቀበለሽ፣ በሕግ ዓይን የተቀበሉሽ እትዬ ናቸው። ብሩ እጃቸው ገባም አልገባም ያ የእሳቸውና የሰውዬው ሂሳብ ነው። ወኪል ማሰናበት መብታቸው ነው፤ በማንኛውም ጊዜ ይችላሉ። ሆኖም ሰውዬው ሲሰናበት ትናንት በስማቸው የገባውን ግዴታ ይዞላቸው አይሄድም።

«ማስያዣ እንዲቀበል አልወከልኩትም» ቢሉሽስ? የውክልናው ወረቀት ላይ «ለማከራየት፣ የኪራይ ውል ለመፈራረም፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚል ካለ ክርክሩ አያስኬድም። ወረቀቱ እንዲሁ በጥቅሉ «ወክዬዋለሁ» ቢል እንኳ የዚያው ሕግ ቁጥር 2203 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን እንደሚይዝ ይናገራል። ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትና ገንዘብ መሰብሰብ ደግሞ የአስተዳደር ሥራ ተብለው የተቆጠሩ ናቸው። ያንቺ ውል የሁለት ዓመት ነው።

እትዬም ተበልተዋል፣ ይሄ እውነት ነው። በየወሩ 1,500 ብር ከኪሳቸው ሲወጣ ኖሯል፤ ያሳዝናሉ። ነገር ግን ሰውዬውን መርጠው ቁልፍ ያስያዙት እሳቸው ናቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም። የራሳቸው ወኪል ያጎደለውን በተከራይ መሙላት ፍርድ አይሆንም።

የውሉን ግርጌ ተመልከቱ

ሌሎቻችሁም «የእኔም ጉዳይ እንደዚሁ ነው!» ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ውላችሁን አውጡና ፊርማው ያለበትን ቦታ አንብቡ። ሦስት ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ።

አንደኛው፦ «አከራይ ወ/ሮ እገሊት፣ በወኪላቸው በአቶ እገሌ» የሚል ከሆነ ከላይ ያልነው ነው። ጠያቂነታችሁ በባለቤቷ ላይ ነው።

ሁለተኛው፦ «አከራይ አቶ እገሌ» ብሎ ሰውዬው በራሱ ስም ብቻ ከፈረመ፣ ሕጉ (ቁጥር 2197) በራሱ ስም የተዋዋለ ወኪል ለውሉ ራሱ ተጠያቂ ነው ይላል። እንግዲህ መጀመሪያ የምትይዙት እሱን ነው።

ሦስተኛው፦ ውሉን ባለቤቷ ራሳቸው ፈርመው ብሩን ግን ደላላው እጅ ላይ የቆጠራችሁ እንደሆነ፣ ሥራ ይጠብቃችኋል። ወይ ብሩ ባለቤቷ እጅ መድረሱን፣ ወይ ደላላው እንዲቀበል መፍቀዳቸውን ማስረዳት አለባችሁ። ይሄ ካልተቻለ የምትጠይቁት ደላላውን ይሆናል። ሲጀመር አታልሎ ከወሰደ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 692 ማታለል፣ በአደራ የተሰጠውን ለራሱ ካደረገ ደግሞ ቁጥር 675 እምነት ማጉደል የሚባል ነገር አለ። ፖሊስ ጋ ከመሮጥ በፊት ግን ብሩን በእርግጥ አስቀርቶ መሆኑን እወቁ። ለባለቤቷ አስረክቦ ከሆነ ያለ ጥፋቱ ሰው መክሰስ ይሆናል።

አራተኛም አለ እንበል። ባለቤቱ ወኪሉን አሰናብቶ ለተከራዩ ሳይነግር ቀረ፤ ተከራዩም ሳያውቅ ለቀድሞው ወኪል መክፈሉን ቀጠለ። ለዚህም ሕጉ ዝም አላለም። ቁጥር 2195 እንደሚለው ወካዩ የውክልናውን መኖር አስታውቆ መሻሩን ካላስታወቀ፣ ወይም የውክልናውን ወረቀት መልሶ ካልተቀበለ፣ ከወኪሉ ጋር አብሮ ተጠያቂ ይሆናል።

«የመጨረሻውን ወር አትክፈይ» የሚሉሽን አትስሚ

እህታችን፣ ይሄ የጓደኞችሽ ምክር ጣፋጭ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገውም እሱን ነው። ግን ልብ በይ። ዛሬ ጥፋተኛ ያልሆንሽው አንቺ ነሽ። ኪራይ ያቆምሽ ዕለት ውል አፍራሽ ትሆኚና ወሬው ይገለበጣል፤ «ኪራዬን ከለከለችኝ» ይባላል፣ የማስያዣው ነገር ይረሳል።

በሕግም ቢሆን ዕዳን በዕዳ ማቻቻል የሚቻለው የሁለቱም መጠን ሲታወቅና የሁለቱም መክፈያ ጊዜ ሲደርስ ነው። የወሩ ኪራይ ጊዜው ደርሷል። ማስያዣሽ ግን የሚመለሰው ቤቱን ስታስረክቢ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ገና አልደረሰም። እትዬ ተስማምተው «የመጨረሻው ወር በማስያዣው ይታሰብ» ብለው ከፈረሙ ግን ግሩም ነው! ሁሉም ያለ ጭቅጭቅ ያልቃል። በወረቀት ይሁን እንጂ «እሺ ልጄ፣ ችግር የለም» በሚል ቃል ብቻ እንዳትታለዪ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ከነገ ጀምሮ ምን ታደርጊያለሽ?

1ኛ፦ ወረቀትሽን ሰብስቢ። ውሉን፣ 15,000 ብር ያስገባሽበትን የባንክ ደረሰኝ፣ ለሰውዬው በየወሩ የላክሽበትን ሁሉ አውጪ። ደረሰኝ ከጠፋብሽ ባንክሽ የሂሳብ መግለጫ ያወጣልሻል። የቴሌብር መልእክትም፣ ሰውዬው ስለ ብሩ የጻፈልሽ ቴሌግራምም ማስረጃ ነው፤ ስልክሽ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ።

2ኛ፦ ወረዳ ሂጂ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራይም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል የሚለውም ይሄው አዋጅ ነው። አንቺ ሁሉንም አሟልተሻል፤ ጎበዝ! ስለዚህ የወረዳው ቤቶች ጽ/ቤት የውልሽን ቅጂ ይዟል። ሰውዬው በምን ሥልጣን እንደፈረመ የሚያሳይ ወረቀት ከመዝገቡ ጋር መኖሩን ጠይቂ። ቅሬታሽንም በጽሑፍ አስገቢ።

3ኛ፦ ለእትዬ ደብዳቤ ጻፊ። ከመክሰስ በፊት ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ የሕጉም ሥርዓት ነው። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ለወ/ሮ ________። በወኪልዎ በአቶ ________ በኩል በቀን ________ በተፈራረምነው ውል መሠረት የቤት ቁጥር ________ ቤትዎን ተከራይቼ እየኖርኩ ነው። በውሉ መሠረት በማስያዣነት ብር 7,500 (ሰባት ሺህ አምስት መቶ) በባንክ ከፍያለሁ፤ የደረሰኙ ኮፒ ተያይዟል። ውሉ የሚያበቃው በቀን ________ ስለሆነ ቤቱን በዚያው ዕለት አስረክባለሁ። ማስያዣው ቤቱን ባስረከብኩ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመለስልኝ፣ ወይም በጽሑፍ ተስማምተው በመጨረሻው ወር ኪራይ እንዲታሰብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ መብቴን በሕግ ለመጠየቅ የምገደድ መሆኑን እገልጻለሁ።»

ሁለት ኮፒ አድርጊና አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙልሽ። አልፈርምም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪው። ውልሽ ላይ ለመልቀቅ የማስታወቂያ ጊዜ ተጽፎ ከሆነም በዚህ ደብዳቤ ትፈጽሚዋለሽ። ሁለት ወር ከግማሽ ረጅም ጊዜ እንዳይመስልሽ፤ ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

4ኛ፦ ርክክቡን በወረቀት አድርጊ። የመብራትና የውሃ ክፍያ የከፈልሽበትን፣ የሕንፃው ማኅበር መዋጮ ካለም የእሱን ደረሰኝ ያዢ። የቆጣሪውን ንባብ፣ ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ አንሺ። ስንት ቁልፍ እንደመለስሽ ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙ። የሰበርሽው ነገር ካለ አሠሪ። ቀለሙ በዕድሜ ስለደበዘዘ ወይም መያዣው በአገልግሎት ስላረጀ ግን ማስያዣሽ ሊቆረጥ አይገባም።

5ኛ፦ ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካሉ ብቻ ፍርድ ቤት። ዳኝነት የሚከፈልበት ስለሆነ ለ7,500 ብር መመላለሱ ያደክም ይሆናል። ሆኖም ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ አሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ደግሞ አቅም ለሌለው ሁሉ ይረዳሉ። ከፈለግሽ ሰውዬውንም ባለቤቷንም በአንድ ክስ መጥራት ይቻል እንደሆነ እነሱን አማክሪ፤ አንዱ ሌላውን «እሱ ነው» እያለ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ይዘጋል።

በእጅሽ ያለው ትልቁ ነገር

አሁን ከሕጉ ወጣ ብለን እናውራ። እትዬ ሰውዬውን ልባቸው ቆስሎ ነው ያሰናበቱት። በየወሩ 1,500 ብር፣ ለ18 ወር ያህል ቢሆን 27,000 ብር ማለት ነው! ያንን ብር ለማስመለስ ምን ያስፈልጋቸዋል? አንቺ 7,500 እንደከፈልሽ የሚያሳይ ማስረጃ። ማስረጃው ያለው ደግሞ የት ነው? አንቺ የባንክ ደረሰኝ ውስጥ!

እስኪ አስቢው። እሳቸው ሰውዬውን ቢከሱት ዋናዋ ምስክር አንቺ ነሽ። ታዲያ ባላንጣ አትሁኑ። ቅዳሜ ከሰዓት ትንሽ ነገር ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ፣ ቁጭ በይና እንዲህ በያቸው፦ «እትዬ፣ እርስዎም እኔም በአንድ ሰው ነው የተጎዳነው። እኔ የከፈልኩበትን ደረሰኝ በሙሉ ኮፒ አድርጌ እሰጥዎታለሁ፤ ካስፈለገም ቀርቤ እመሰክራለሁ። እርስዎም ማስያዣዬን ያስቡልኝ። እርስዎ ከእሱ ሲያስመልሱ የእኔንም ጨምረው ያስመልሳሉ።» ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ጮኸሽ ስትሄጂ ተቃዋሚ፣ ቀስ ብለሽ ስትሄጂ አጋዥ ትሆኛለሽ። በአንድ ጊዜ መክፈል ከከበዳቸው፣ የዕጣ ቤታቸውን የባንክ ዕዳ በዚያችው ኪራይ የሚከፍሉ ስንት እናቶች አሉና፣ በሁለት ጊዜ እንዲከፍሉሽ ተስማሚና ቀኑን አስፈርሚ። ደረሰኙን ግን ኮፒውን እንጂ ዋናውን ከእጅሽ እንዳታወጪ!

ለሌሎቻችሁ፦ ወኪል በተቀየረ ዕለት

እንግሊዝ አገር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለመደው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አከራይ የተቀበለውን ማስያዣ መንግሥት በፈቀደው ጠባቂ ተቋም በኩል ማስጠበቅ ግዴታው ነው። አከራይና አከራዩ የቀጠረው ድርጅት ቢጣሉም የተከራዩ ብር የት እንዳለ ይታወቃል። እኛ ጋ ማስያዣው የሚቀመጠው ሰው ኪስ ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ኪስ የሄደ ዕለት ብሩም አብሮ እንዳይሄድ መንቃት የእኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ሰው በራችሁን አንኳኩቶ «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» ወይም «አዲሱ ወኪል እኔ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ነው የምትከፍሉት» ቢላችሁ፣ ቀጣዩን ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለቤት ከሆነ የቤቱን ማስረጃና መታወቂያውን፣ ወኪል ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያለፈ ውክልና ያሳያችሁ፤ ኮፒውንም ያዙ። ቀጥሎ የቀድሞው ወኪል መሰናበቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ለተሳሳተ ሰው የከፈለ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላልና! በመጨረሻም አንዲት መስመር አስፈርሙ፦ «ተከራይ በቀድሞው ወኪል በኩል ብር ይህን ያህል ማስያዣ መክፈሉን አውቃለሁ፤ ቤቱን ሲያስረክብ እመልሳለሁ።» ያን ዕለት ባለቤቱ ኪራዩ በቀጥታ እንዲገባለት ስለሚፈልግ አይከብደውም። ቤቱን ልትለቁ ሻንጣ ስታሥሩ ግን ያቺው መስመር የወርቅ ያህል ትወደዳለች።

እህታችን፣ እትዬ ጋ ሄደሽ የተባባላችሁትን ጻፊልን። ለእህትሽም መልካም ፈተና ተመኝተናል። እናንተም «ምን ይበጃል?» የምትሉት ነገር ካለ አሳጥራችሁ ላኩልን፤ ስማችሁ አይወጣም።

ቸር እንሰንብት!